«ቅናት ነው» ላላችሁኝ

ባለፈው ቅዳሜ የጻፍኩት ሁለት መስመር ነበር። «ያገለገለ ቢኤምደብሊው ወይም መርሴዲስ ለመግዛት ብላችሁ የአባታችሁን ቤት አትሽጡ» አልኩ፣ በቃ። ይሄን ያልኩት ደግሞ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «ቲቸር፣ የአባቴ ቤት ተሽጦ ድርሻዬ ሊደርሰኝ ነው፣ አንድ ኢ-ክላስ ቤንዝ አግኝቻለሁ፣ ምን ትለኛለህ?» ስላለኝ ነው። ለእሱ የመለስኩትን ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ ለጠፍኩት። ማታ ስልኬን ስከፍት ኮሜንቱ ጎርፍ ሆኗል። ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ ስድብ። «ቲቸር ቅናት ነው።» «ቾክ ይዞ ስለ ቤንዝ ምን አገባው?» «ድመቷም ሥጋው ላይ መድረስ ሲያቅታት ዛሬ ጾም ነው አለች።» ይቺን የመጨረሻዋን የጻፍከው ልጅ፣ አማርኛህ እንደዚህ ጥሩ መሆኑን ሳስተምርህ አላውቅም ነበር፣ አስቀኸኛል።

አንዱ ግን በውስጥ መስመር እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ አንተ ራስህ ቢኤም ትነዳ አልነበር እንዴ?»

አዎ። ነድቻለሁ። ከጥር 2012 እስከ ጥቅምት 2014፣ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር። ብዙዎቻችሁ አይታችሁኛል፣ አንዳንዶቻችሁም አብራችሁኝ ፎቶ ተነስታችኋል። ስለዚህ ስለማላውቀው ነገር አይደለም የማወራው። ዛሬ ሁሉንም ልናገር፣ ከዚያ በኋላ ቅናት ካላችሁ በሉ።

ከምክንያቱ ልጀምር። በ2011 አንድ ቀን ዘጠነኛ ክፍል ስለ ሙቀት እያስተማርኩ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ጥያቄ ያለው መስሎኝ ደስ አለኝ። «ቲቸር፣ አንተ ይሄን ፊዚክስ ተምረህ ምን አገኘህ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? የዚያን ቀን ጫማዬ በጎን በኩል ተቀዶ ነበር፣ ልጁ አይቶት ይሁን ሳያየው አላውቅም። መልስ አልነበረኝም። እቤት ገብቼ እራት አልበላሁም። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ መኪናዋን የገዛሁት ለዚያ ልጅ መልስ እንድትሆነኝ ነው። ሌላው ሁሉ ምክንያት ኋላ የተፈለገ ነው።

ኋላ የተፈለገው ምክንያት ግን ጠንካራ ነበር። «እዚህ አገር መኪና ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» የሚለውን ታውቁታላችሁ። እውነትም ነው፣ ለቶዮታ። በዚያን ሰሞን የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ሊጸድቅ ነው እየተባለ አገሩ ተረብሾ ነበር። በየሻይ ቤቱ «500 በመቶ» የሚል ቁጥር ይወራል። ደላላው «አሁን ካልገዛህ ዕድሜ ልክህን አትገዛም» ይላል። ቪትዝ ጠየቅኩ፣ ዋጋው ጣራ ነክቷል። ከዚያ ይሄው ደላላ አንዲት ግራጫ ቢኤምደብሊው አሳየኝ። ሦስተኛው ሲሪየስ፣ ኢ46 የሚባለው፣ 320፣ ስድስት ሲሊንደር። 430 ሺህ ብር። ከቪትዟ ታንሳለች! ቢኤምደብሊው ከቪትዝ ረክሶ!

የፊዚክስ መምህር ነኝ እኮ። አንድ ነገር ያለ ምክንያት እንደማይወድቅ ነው የማስተምረው። ይቺ መኪና ለምን ረከሰች ብዬ አልጠየቅኩም።

ገንዘቡ ከየት መጣ? 120 ሺህ ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። እሱ ለዲግሪዬ ነበር የታሰበው፤ እስከ ዛሬ በዲፕሎማ ነው የማስተምረው፣ ከእኔ ጋር የጀመሩት ጓደኞቼ በክረምት ተምረው ዲግሪያቸውን ከያዙ ቆይተዋል። 60 ሺህ ከብድርና ቁጠባ ማኅበራችን ተበደርኩ። የቀረው 250 ሺህ የታናሽ እህቴ ነው። ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለእናታችን ቤት እንድንገዛበት እኔ ጋ ያስቀመጠችው። ደወልኩላትና «መኪና ንብረት ነው፣ ዓመት ቆይተን አትርፈን እንሸጣታለን፣ ቤቱን ያኔ እንገዛለን» አልኳት። «ወንድምጋሼ፣ አንተ ካልክ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። ይቺን ዓረፍተ ነገር አትርሱብኝ።

እስቲ አሁን መኪናዋን ላመስግናት፣ ምክንያቱም የሚሰድቧትም የሚያመልኳትም አብዛኞቹ አልነዷትም። በሩን ስትዘጉት «ድብ» ይላል፣ እንደ ቆርቆሮ አይጮህም። መሪው ከበድ ይላል ግን መንገዱን ይነግራችኋል፤ ጎማው ጠጠር ሲረግጥ እጃችሁ ያውቀዋል። ክብደቷ ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ጥምዝ ላይ አትንሸራተትም፣ ትተኛለች። ሞተሩ ደግሞ! ስድስቱ ፒስተኖች በአንድ መስመር ተሰልፈው ሲሠሩ አንዱ የሚፈጥረውን ንዝረት ሌላው ያጠፋዋል። ይሄ የሽያጭ ወሬ አይደለም፣ ስሌት ነው፣ ሰሌዳ ላይ ላሳያችሁ እችላለሁ። ቆሞ ሲሠራ ድምፁ አይሰማም፣ ጠፋ ብዬ ደግሜ ቁልፉን ያዞርኩበት ቀን አለ። አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስሄድ 120 ላይ እንደ 70 ነበር የሚሰማኝ። የሠሯት ሰዎች ሥራቸውን የሚወዱ ናቸው፣ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ጀርመን መኪናን እኛ አገር ዝም ብሎ አልወደደውም። ቮልስን ያልወደደ ማን አለ? ጃንሆይን እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወሰዳቸው ቮልስ ነው። የድሮዎቹ ቤንዞችም፣ በ1976 በፈረንጆቹ የወጣው ባለ ክብ መብራቱ ለምሳሌ፣ ወደ 2.7 ሚሊዮን ተሠርቷል፤ ናፍጣው በየአፍሪካው ከተማ ታክሲ ሆኖ ዕድሜውን ጨርሷል። ኮምፒውተር የለው፣ ነዳጁ በሜካኒካል ፓምፕ፣ ልጅ እግር መካኒክ በሦስት ቁልፍ የሚፈታው። «ጀርመን አይሞትም» የሚለው ስም የመጣው ከእነዚህ ነው።

ጠቡ እዚህ ላይ ነው። ስሙን ያገኘው አንዱ መኪና ነው፣ በስሙ የሚሸጠው ሌላ ነው። ያ ልጅ ሊገዛው ያሰበው ኢ-ክላስ ከ2002 ጀምሮ የተሠራው ነው። የመጀመሪያዎቹ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ ፓምፕና በኮምፒውተር ነው የሚታዘዘው። ያ ዕቃ ስንት ጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲሞላ «ቀይሩኝ» ይላል። ኩባንያው ራሱ በ2004 እና በ2005 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን በዚህ ፍሬን ምክንያት ለጥገና ጠርቷል፣ በኋላም ትቶታል። ይሄን ለደላላው ንገሩት እስቲ። «ጀርመን ነው ባክህ፣ አይሞትም» ነው የሚላችሁ። አይሞትም፣ ልክ ነው፣ ያስታምማችኋል።

መኪናው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ይሄን ነጥብ ሆን ብለው የሚያጣምሙት አሉ። መኪናው ለአንድ ሥርዓት የተሠራ ነው እያልኩ ነው። ጀርመን ውስጥ አዲስ ከሚመዘገበው መኪና ከግማሽ በላዩ በድርጅት ስም የሚመዘገብ ነው። የመጀመሪያው ሰው በዋስትና፣ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ፣ በተቆረጠ ቀን እያስመረመረ ሦስት አራት ዓመት ይነዳና ይመልሳል። የቀረው ዕድሜው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። እኛ ስምንተኛ ነን። ያረጀው ፕላስቲክ፣ የደረቀው ጎማ፣ ፋብሪካው «ዕድሜ ልክ» ብሎ የሞላው የካምቢዮ ዘይት ሁሉ በእኛ እጅ ነው ቀኑ የሚደርሰው። (ካምቢዮ ሠሪው ዜድኤፍ ራሱ እኮ ዘይቱ ይቀየር ነው የሚለው። የማን ዕድሜ ልክ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።) ከእኔዋ በኋላ የመጡት ቢኤምደብሊዎች ደግሞ ባትሪ ስትቀይሩላቸው እንኳ ለኮምፒውተራቸው በማሽን ማስታወቅ አለባችሁ። ባትሪ! ያን ማሽን አላቸው የተባሉትን ባለሙያዎች አዲስ አበባ ውስጥ ስፈልግ በአንድ እጄ ጣት ቆጥሬ ጨረስኩ፣ ወረፋቸውም እንደ ስኳር ወረፋ ነው።

ሌላው ደግሞ ያለንበት ቦታ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 170 የፈረስ ጉልበት ብለው የሸጡልኝ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 135 ነበር። የሰላሳ አምስት ፈረስ ቀለብ ግን በየቀኑ እከፍላለሁ። ዘይቷ 6.5 ሊትር ነው፣ ያውም ሲንተቲክ። ቆጣሪዋ ላይ እስከ 250 ምናምን ተጽፏል፣ እኔ ከሰፈሬ ትምህርት ቤት ስደርስ የምይዘው ከፍተኛ ፍጥነት 40 ነው። በየማቋረጫው ያሉት ጉብታዎች ላይ ደግሞ ሆዷ ይፋቃል፤ ተማሪዎች ከኋላ «አይዞሽ!» ይሏታል።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ የገንዘብ ነገር ነው። አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልሂድ።

መኪናዋን በያዝኩ በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ። ለስምንት ዓመት በእግሬ ስገባ ተቀምጦ ነበር ሰላም የሚለኝ፣ አልፎ አልፎም መታወቂያ ይጠይቀኛል። ስብሰባ ላይ «መምህር ምን ይላሉ?» ተብሎ አስተያየቴ መጠየቅ ጀመረ። ያው አስተያየት ነው፣ ያው ሰው ነው። የተማሪ ወላጆች ስልኬን ወሰዱ። ሠርግ ላይ ሙሽራ እንዳጅብ ተለመንኩ፣ አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች። አንድ ሆቴል ከዓመት በፊት በእግሬ ስሄድ ኪሴን አስገልብጦ የፈተሸኝ ጥበቃ ሰላምታ ሰጥቶ አስገባኝ፤ ቦርሳ ይዤ ነበር፣ አላየውም። ቦንብ ቢኤምደብሊው ውስጥ አይገባም መሰለኝ።

ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት መንገድ አዙሬ በዋናው በር በኩል እገባ ነበር፣ በጓሮው በኩል ቅርብ ሆኖ ሳለ። ያ «ምን አገኘህ?» ያለኝ ልጅ አሥረኛ ክፍል ደርሷል፣ ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ተመለሰለት ማለት ነው። ያኔ ያሸነፍኩ ነበር የመሰለኝ። ዛሬ ሳስበው የተሸነፍኩት የዚያን ቀን ነው፤ ጥያቄው ትክክል ነው ብዬ ተቀብዬ፣ በተበደርኩት ገንዘብ መልስ ሰጠሁት። አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ ባለፈው ዓመት «ቲቸር ቢኤም ስትይዝ አይቼ ነው ትምህርት ዋጋ አለው ያልኩት» ብሎ ጻፈልኝ። ምስጋና ነበር የላከው። እስካሁን አልመለስኩለትም። ምን እለዋለሁ? መኪናዋን ትምህርት አልገዛትም፣ ኩዌት ውስጥ የሰው ምንጣፍ የጠረገ እጅ ነው የገዛት።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች። ወራት ቆይቼ ስነካካት ባትሪው ሞቷል፣ ሥሯ ዘይት አንጠባጥባለች። ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ለቶዮታ የሆነውን ሁሉ ሶማሌ ተራ ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ታገኛላችሁ፣ ኦሪጅናሉም ያገለገለውም ፎርጅዱም በየዓይነቱ። የእኔን ስጠራ ልጆቹ ተያይተው ይስቃሉ። «የቢኤም? እሱ በትዕዛዝ ነው መምህር።» በትዕዛዝ ማለት ከዱባይ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ጥግ ላይ ማለት ነው። የቫልቩ ክዳን ጓርኒሲዮን ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። መካኒኩ ደግሞ ፈቶ ሲገጥም አንድ የፕላስቲክ ማያያዣ ሰበረብኝ፤ ለእሷ ሌላ አምስት ሳምንት። ስለ ታክሲ ወጪዬ አልናገርም። ቢኤምደብሊው ያለው ሰው በታክሲ ሲሄድ እንዴት እንደሚሸማቀቅ ያየው ነው የሚያውቀው፣ ሰልፍ ላይ ፊቴን በደብተር እሸፍን ነበር።

የ2013 ፋሲካ እናቴ ጋ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ኮፈኑ ስር ያለችውን የራዲያተር ውሃ መያዣ ፕላስቲክ ጠዋት ሳያት ጎድላለች፣ የቧንቧ ውሃ ሞላሁባት። እንደ ሁላችን።

እስቲ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ተመለሱልኝ። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? «በ100!» አትበሉኝ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሆነ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊት ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ነው፣ ሸኖ ሲደርስ ወደ 90። ይሄን በየዓመቱ አስተምራለሁ፣ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ። የዚያች መኪና ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው 97 ላይ ነው። ሞተሩ በሙቅ እንዲሠራ፣ ነዳጅ እንዲቆጥብ ብለው እንዲያ አደረጉት። ውሃው 97 ላይ የማይፈላው ሥርዓቱ ተዘግቶ በግፊት ስለተያዘ ብቻ ነው። ያቺ ፕላስቲክ አንዲት የፀጉር ስንጥቅ ካበጀች ግፊቱ ይወጣል፣ ከዚያ ውሃው መፍላት ካለበት በላይ ሞቆ ነው ያለው ማለት ነው። ፕላስቲኳ ደግሞ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርስ እንደምትሰነጠቅ የዚህ መኪና ባለቤቶች ሁሉ በመላው ዓለም ያውቃሉ። የእኔዋ ከ190 ሺህ በላይ ሄዳለች።

«የሙቀት መርፌዋን አታይም ነበር?» ትሉኛላችሁ። አይቻለሁ፣ ዓይኔን አልነቀልኩም! መርፌዋ መሀል ላይ ቀጥ ብላለች። ኋላ ነው የተማርኩት፣ ሾፌሩ እንዳይረበሽ ተብሎ መርፌዋ ከ75 ዲግሪ እስከ 115 ገደማ መሀል ላይ እንድትቆም ነው የተደረገችው። ስትንቀሳቀስ ካያችኋት አልቋል።

ሸኖን አልፌ ዳገቱ ላይ ተንቀሳቀሰች። ነጭ ጭስ፣ የሚጣፍጥ የሚመስል ሽታ፣ ከዚያ ዝም። ዶሮ በፖርታባጋሊዮ፣ እንቁላል በኋላ ወንበር። አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ደብረ ብርሃን አደረሰኝ፣ አንድ ሳንቲም አልተቀበለኝም፣ «ለበዓል ነው» አለ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ጎረቤት ሁሉ «የመምህሩ መኪና» ሊያይ ወጥቷል። በገመድ ስንደርስ እናቴ ያለችው «እንኳን አንተ ደህና ሆንክ» ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ፈታት። የቴስታው ጓርኒሲዮን ሄዷል፣ ቴስታው ተጣሟል፣ ይሄም ሳይበቃ ቴስታው የሚታሰርባቸው የብሎን ጥርሶች ብሎኩ ውስጥ ተልጠዋል፣ ብሎኩ አልሙኒየም ስለሆነ። «ጋሼ፣ መኪናዋ ምን ነካት?» አልኩት። «መኪናዋ ምንም አላጠፋችም ልጄ» አለኝ። «ውሃ ጨመርክባት አይደል? ሥራህስ ምንድን ነው?» መምህር ነኝ አልኩ። የምን መምህር እንደሆንኩ አልጠየቀኝም፣ ፈጣሪ ይስጠው።

ጥገናው 118 ሺህ ብር ፈጀ። ስድስት ወር ቆይቼ 265 ሺህ ሸጥኳት። የገዛት ልጅ ከእኔ ያንሳል። ስለ ውሃው፣ ስለ መርፌዋ፣ ስለ ቴስታው ሁሉንም ነገርኩት፣ ጽፌም ሰጠሁት። እየሰማኝ አልነበረም። ቁልፏን በጣቱ እያዞረ አርማዋን ያያል። እኔም ከደላላው ጋር እንደዚያ ነበር የቆምኩት።

አሁን መከራከሪያችሁን ልመልስ። «ታዲያ ላንድክሩዘር ቪ8 የሚነዱትን ለምን አትናገርም?» ያላችሁ አላችሁ። እነሱ በራሳቸው ገንዘብ አይደለም የሚነዱት፣ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ጊዜ ሳገኝ እመጣበታለሁ። «ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ቢገዛስ?» ላላችሁ፣ ይግዛ! ገንዘብ ያለው፣ መኪና የሚወድ፣ መካኒኩን የሚያውቅ፣ ዕቃውን አስቀድሞ የሚያስመጣ፣ ስትቆምበት በታክሲ መሄድ የማያፍር ሰው ይግዛት፣ ደስም ይበለው። እንደዚያ ያሉ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፣ መኪናቸውን ራሳቸው ይፈታሉ፣ ከእነሱ ጋር ማውራት ራሱ ደስ ይላል። እኔ የምለው የአባቱን ቤት ለሸጠው ነው። ሐምሌ 2016 ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከመቶ ሲያልፍ፣ የዚያች የፕላስቲክ ዕቃ ዋጋም አብሮ ነው የሄደው፤ ቤንዚኑም ከመቶ ብር በላይ ገብቷል። እኔ ያኔ በዚያ ዋጋ ካልቻልኩ አንተ ዛሬ በምን ትችላለህ?

ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ «ይሄ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው፣ አሁን ኤሌክትሪክ ነው» ያላችሁም አላችሁ። እሺ። ግን በሽታው ባትሪ ስለተገጠመለት አልዳነም። በየመንገዱ የምታዩት ቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። ስክሪኑ በቻይንኛ የሚያናግራቸው ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ምን እንዳላቸው አያውቁም፣ ግን አርማው ጀርመን ነው። መግባት የተከለከሉት ነዳጆቹ ደግሞ እዚሁ ያሉት እየተቀባበልናቸው ነው፣ በየዓመቱ አንድ ዓመት እያረጁ፣ በየዓመቱ ዋጋቸው እየተሰቀለ።

እኛ መምህራንም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ወላጅ በቤንዝ ሲመጣ ወንበር እንስባለን፣ በእግሯ የመጣችውን እናት ኮሪደር ላይ እናቆማለን። እኔ አድርጌዋለሁ፣ ባልደረቦቼም ታደርጋላችሁ፣ ይሄን ስታነቡ ስም እንዳልጠራ ታውቃላችሁ። ዘበኛው በሩን ለማን እንደሚከፍት ከእኛ ነው የተማረው። ልጆቹም ከእኛ ነው የተማሩት። ከዚያ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ውርሱን ይዞ ደላላ ጋ ሲሄድ «የዘንድሮ ትውልድ» ብለን እናማለን።

አሁን በእግሬ ነው የምሄደው፣ ሲመሽ በታክሲ። ዘበኛው መጀመሪያ ሰሞን መኪናዋ የት ሄደች ብሎ ጠየቀኝ፣ ሸጥኳት አልኩት። አሁን ተቀምጦ ነው ሰላም የሚለኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ አልተቀየምኩትም።

ለደወልክልኝ ልጅ፦ ነገ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ና። መኪናውን ግን ሳትከፍል ና። መካኒኩ ጋ አብረን እንሄዳለን፣ ሽማግሌው አሁን አዲስ አበባ ልጁ ጋ ነው ያለው። እሱ አይቶ «ግዛ» ካለህ እኔ አፌን እዘጋለሁ።

ለእህቴ ከ250 ሺው እስካሁን 180 ሺህ መልሻለሁ፤ በዚያን ጊዜ ብር ነው የመለስኩት፣ እሷ በዲናር ነው ያጠራቀመችው፣ ልዩነቱን የፊዚክስ መምህር ባልሆንም አሰላዋለሁ። አንድ ቀንም አልጠየቀችኝም። እንደሸጥኳት ነግሬያታለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ይሄን ስታነብ ነው የምታውቀው። የፕሮፋይል ፎቶዋ እስከ ዛሬ ያቺው ግራጫ መኪና ናት፣ እኔ በሩን ይዤ እየሳቅኩ።

ኮሜንት ላይ ለምትሳደቡ ዛሬ መልስ አልሰጥም፣ የሁለት ክፍል ፈተና ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ጥያቄ ቁጥር 7ን ግማሹ ልጅ «100 ዲግሪ» ብሏል።